የተከዜ ዓሣ፡ የዋግ ጎተራ ወይስ ሌላ ማሳ?

ስለ ዋግ ኽምራ የሚጻፍ ነገር ብዙውን ጊዜ በድርቅ ይጀምርና በእርዳታ እህል ያበቃል፡፡ ሰቆጣ ሲባል ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ትዝ የሚለው የ1977ቱ ረሃብ፣ የተራቆተ ተራራና ጠመዝማዛ የአቧራ መንገድ ነው፡፡ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ግን በዚህ ወሬ መካከል አንድ ያልተለመደ ቃል ገብቷል፤ ዓሣ፡፡ ከተከዜ ግድብ ጀርባ የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለዋግ ቆላማ ወረዳዎች አዲስ ሀብት ይዞ መጥቷል፡፡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መረብ ጥለዋል፡፡ ከዚሁ ጋር «ዝናቡ ቢቀር ሐይቁ አለ» የሚል አስተሳሰብም ቀስ በቀስ ሥር እየሰደደ ነው፡፡

ይህ አስተሳሰብ ደስ ያሰኘኛል፤ ያሰጋኛልም፡፡ ደስ የሚያሰኘኝ በተመጽዋችነት ብቻ ይታወቅ ስለነበረ አገር ሀብት ሲወራ መስማቴ ነው፡፡ የሚያሰጋኝ ደግሞ ሐይቁ እንደ ጎተራ መታየቱ ነው፡፡ ጎተራ በጥጋብ ጊዜ ይሞላል፣ በክፉ ቀን ይከፈታል፡፡ የተከዜ ሐይቅ ግን እንደ ማሽላውና እንደ ጤፉ ማሳ የሚኖረው በክረምቱ ዝናብ ነው፡፡ ዝናቡ ሲከዳ እሱም ሊከዳ ይችላል፡፡ እንዲያውም ከማሳ የሚብስበት ምክንያት አለው፤ ማሳ ባዶውን ሲቀር ለሁሉም ይታያል፣ የዓሣ መመናመን ግን በውኃ ሥር የሚካሄድ ስለሆነ የሚታወቀው ከረፈደ በኋላ ነው፡፡

ግድቡ ያመጣው ሲሳይ

የተከዜ ኃይል ማመንጫ የተመረቀው በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. ነው፡፡ ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ በቻይና ተቋራጭ የተገነባ ነው፡፡ ከኋላው 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝ አቅም ያለው ሐይቅ ተፈጥሯል፡፡ አንባቢ እንደሚያስታውሰው ግድቡ ከመመረቁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ አገሪቱ በመብራት ፈረቃ ውስጥ ነበረች፡፡ በዚያን ጊዜ ስለ ተከዜ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው አምፖላችንን እንጂ ዓሣን አልነበረም፡፡

ዓሣው ግን ማንንም ሳይጠብቅ መጣ፡፡ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ በወንዙ ውስጥ የነበሩ ናቸው፡፡ ወንዙ ሲገደብና ሸለቆው በውኃ ሲሞላ ሰፊ ቦታና ብዙ ምግብ አገኙ፡፡ በአማራ ክልል በኩል የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሰሃላ ቆላማ ቀበሌዎች፣ በሌላው በኩል ደግሞ የትግራይ ወረዳዎች የሐይቅ ዳርቻ ሆኑ፡፡ ፍየል በማርባትና ንብ በማነብ የሚታወቅ ሕዝብ ዓሣ ማስገርን ከባዶ ተማረ፡፡

ይህ ሲሳይ ለዋግ ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ለመረዳት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባለውን ማስታወስ ይበቃል፡፡ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ለሰነዱ የሰጠው ስም የሰቆጣን ነው፡፡ የመጀመሪያው የሙከራ ምዕራፍም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች የተካሄደ ነው፡፡ የመቀንጨር አንዱ መንስዔ ሕፃናት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚያገኙት ምግብ ማነሱ ነው፡፡ ስለዚህ በዚያው ተፋሰስ ያለ ዓሣ ለሰቆጣ ልጆች የጤና ጉዳይ ነው፤ የወጣቶች የሥራ ዕድል ብቻ አድርጎ ማየቱ ያሳንሰዋል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፡፡ አዲስ ግድብ ሲሞላ በውኃ የተዋጠው ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ፍግና አፈር እየበሰበሰ ውኃውን ያዳብረዋል፡፡ በዚህም የተነሳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣው በፍጥነት ይበዛል፡፡ ይህ በአፍሪካም ሆነ በሌላው ዓለም ባሉ ሰው ሠራሽ ሐይቆች በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያው ሲያልቅ ምርቱ ይወርድና በዝቅተኛ ደረጃ ይረጋል፡፡ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምርት መለኪያ አድርጎ ስንት ማኅበር፣ ስንት ጀልባና ስንት መረብ እንደሚያስፈልግ ማቀድ ማለት በሠርጉ ቀን ወጪ የዓመቱን የቤት በጀት እንደ መተመን ነው፡፡

ከፔሩ ባሕር እስከ ዋግ ተራራ

ተከዜን ለመረዳት ለጊዜው ወደ ደቡብ አሜሪካ ልሻገር፡፡ በየጥቂቱ ዓመት ድርቅ ሲመጣ በራዲዮ የምንሰማውን «ኤልኒኖ» የሚለውን ስም ያወጡት የፔሩ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፡፡ በአንዳንድ ዓመታት በገና ሰሞን ባሕራቸው ያለ ልማዱ ይሞቃል፣ ዓሣውም ይሸሻል፡፡ ወቅቱ የገና በመሆኑ ክስተቱን በሕፃኑ ኢየሱስ ስም ጠሩት፡፡ በሌላ አነጋገር፣ የእኛን ክረምት የሚያውከው ክስተት በመጀመሪያ የታወቀው በዓሣ መጥፋት ነው፡፡

ሁለቱ ጫፎች በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው፡፡ የምሥራቅና የመካከለኛው ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ የመዳከም ዝንባሌ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ታወጣ የነበረችው ፔሩ፣ ከ1972ቱ ኤልኒኖ በኋላ በ1973 ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች አወጣች፡፡ በዚያው ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዋግ በውስጡ የነበረበት የወሎ ጠቅላይ ግዛት በረሃብ አለቀ፡፡ የንጉሡ መንግሥት በመስከረም 1967 እንዲወርድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ረሃብ እንደነበር ይታወቃል፡፡

የፔሩ ውድቀት በባሕሩ መሞቅ ብቻ የመጣ አልነበረም፡፡ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከልክ በላይ ተሰግሯል፡፡ ሙቀቱ ሲመጣ ዓሣው የሚቋቋምበት ተተኪ ትውልድ አልነበረውም፡፡ መጥፎ ዓመት ብቻውን ቢመጣ ዓሣ ያገግማል፤ መጥፎ ዓመትና ስግብግብ መረብ አብረው ሲመጡ ግን ማገገሙ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል፡፡

ከዓሣም የበለጠ የሚያስተምረን ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው፡፡ ስኩዊድ አጥንት የሌለው፣ ባለ ብዙ ክንድ፣ በምሥራቅ እስያና በደቡብ አውሮፓ ገበታዎች ተወዳጅ የሆነ ፍጡር ነው፡፡ አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚኖሩት አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ እንቁላል ይጥላሉ፣ ይሞታሉ፡፡ ስለዚህ የዘንድሮው ስኩዊድ በሙሉ የአምናው እንቁላል ነው፤ ከቀድሞ ዓመታት የተረፈ ቅሪት የለም፡፡ ባሕሩ በተመቸበት ዓመት ይትረፈረፋል፣ ባልተመቸበት ዓመት እንደ ጉም ይበናል፡፡

በደቡብ አትላንቲክ ያሉት የፎክላንድ ደሴቶች ይህን ተረድተው ያወጡት ደንብ ቀላል ነው፡፡ በወቅቱ ውስጥ የሚወጣውን እየቆጠሩ ለመጪው ዓመት መጣል ያለበት እንቁላል በባሕር ውስጥ እንዲቀር ይጠብቃሉ፡፡ የቀረው ከተወሰነው መጠን ሊወርድ ሲል ወቅቱን ቀድመው ይዘጋሉ፡፡ ደንቡ የሚወጣው መርከቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው፡፡ ባለ መርከቡ ሁሉ ፈቃድ ሲወስድ ሊዘጋበት እንደሚችል አውቆ ነው፡፡

ዋግ ባሕር የለውም፣ ስኩዊድም የለውም፡፡ ነገር ግን የዋግ ገበሬ ኑሮ ከስኩዊድ ኑሮ ጋር ይመሳሰላል ብል ማጋነን አይመስለኝም፡፡ ዝናቡ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ከከዱ ዓመቱ ከዳ ማለት ነው፡፡ ከአምና የተረፈ ቅሪትም የለም፡፡

የዳርቻው ነገር

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ፡፡ ለዓሣ ወሳኙ የሐይቁ መሐል ሳይሆን ዳርቻው ነው፡፡ ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ይሠራል፤ እንስቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ በአፏ ሰብስባ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም ቅጠልና ሣር ባለበት ዳርቻ ያድጋሉ፡፡ አምባዛ የክረምቱ ውኃ ሲመጣ አዲስ ወደተጥለቀለቀው ሣር ይወጣና እንቁላሉን ይጥላል፡፡ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች አፍ የመውጣት ልማድ አለው፡፡ የሁሉም የመራቢያ ሰዓት የሚደወለው በክረምቱ ደራሽ ውኃ ነው፡፡

ተከዜ ደግሞ ተራ ሐይቅ አይደለም፤ የኃይል ማመንጫ ነው፡፡ ከክረምት በኋላ ሞልቶ ይቆይና በበጋ ውኃው ለተርባይን እየተለቀቀ እስከ ሰኔ ይወርዳል፡፡ ከያዘው ውኃ ከግማሽ በላዩ ለኃይል ማመንጫ የሚውል ሲሆን፣ በሚፈቀደው የመጨረሻ ሙላትና የመጨረሻ ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ40 ሜትር በላይ ነው፡፡ ይህ የአሥራ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ከፍታ ማለት ነው፡፡ በተፈጥሮ ሐይቅ፣ ለምሳሌ በጣና፣ የዓመቱ ውጣ ውረድ በሜትር ወይም በሁለት ሜትር የሚለካ ነው፡፡

ውኃው በፍጥነት ሲሸሽ ጎጆው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፡፡ የተከዜ ሸለቆ ገደላማ በመሆኑ ደግሞ ሐይቁ ሲወርድ ዳርቻው ድንጋይና ጭቃ እንጂ ሣር አይሆንም፡፡ በደህና ዓመት ክረምቱ ይመጣና ጉዳቱን ይክሳል፤ ውኃው ይወጣል፣ ሣሩ ይጥለቀለቃል፣ ጫጩቱ ይበዛል፡፡ ክረምቱ በደከመበት ዓመት ግን ሐይቁ ሳይሞላ ወደ ቀጣዩ በጋ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ፈላጊው ግን አይቀንስም፡፡ ስለዚህ ውኃው ከዝቅተኛ ቦታ ተነስቶ እንደገና ይወርዳል፡፡ የድርቅ ዓመት የዓሣ ትውልድ ሳይወለድ ይቀራል ማለት ነው፡፡

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፡፡ በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ባለው የካሪባ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ካፔንታ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ምርት ከሐይቁ ሙላትና ከሚገባው የወንዝ ውኃ ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ለብዙ ዓመታት ተመዝግቧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ኤልኒኖ ጊዜ የካሪባ ለኃይል የሚውል ውኃ ወደ 12 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር፡፡ ያን ጊዜ መብራትም ዓሣም አብረው ጎደሉ፡፡

ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ይወርዳል

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዓሣው ነው፡፡ ትልቁ አደጋ ግን ያለው በሰው በኩል ነው፡፡

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ያጋጠመውን አስቡ፡፡ ኤልኒኖው ካለፉት አሥርተ ዓመታት ከታዩት ኃይለኞች አንዱ ነበር፡፡ በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚሻው ሕዝብ ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ፤ ዋግ ኽምራ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር፡፡ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም እንዲሁ ዝናቡ ከዳ፤ በ2016 ዓ.ም. የሰሃላ፣ የዝቋላና የአበርገሌ ስም በድርቅ ዜና ውስጥ እየተመላለሰ ይሰማ ነበር፡፡ እነዚህ ወረዳዎች ሐይቁን የሚያዋስኑት ራሳቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል፡፡ በዚያው ኤልኒኖ ጊዜ የፔሩ የስኩዊድ አስጋሪዎችም ባዶ ጀልባ ይዘው ይመለሱ ነበር፡፡

ማሳው ባዶ የሆነበት ሰው ምን ያደርጋል? ከብቱን ይሸጣል፣ ይሰደዳል፣ ሐይቅ በአቅራቢያው ካለ ደግሞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፡፡ ሊወቀስም አይገባም፡፡ መረብ የሌለው ከተገኘው ክር ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ይሠራል፤ ጀልባ የሌለው ዳርቻው ላይ፣ ማለትም ዓሣው በሚራባበት ቦታ ላይ፣ ይጥላል፡፡ በዚህ ላይ የዐቢይ ጾም ገበያ ይጨመራል፡፡ ዓሣ በከተሞቻችን በብዛት የሚፈለገው በጾሙ ወራት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ውኃው ወደ ዓመቱ ዝቅተኛ ቦታ የሚወርድበት ጊዜ ነው፡፡ ውኃው ሲያንስ ዓሣው በጠባብ ቦታ ይሰበሰባል፣ ለመረብም ይመቻል፡፡ አስጋሪው ምርቱ ያላነሰ ይመስለዋል፡፡ በእርግጥ ያላነሰው የመጨረሻውን እየለቀመ ስለሆነ ነው፡፡

የከፋ የሚሆነው ደግሞ መልካም አሳቢዎች የሚሠሩት ስህተት ነው፡፡ በድርቅ ዓመት መረብ ማደል ለመንግሥትም ለእርዳታ ድርጅትም ቀላልና ፎቶግራፍ የሚያምርበት ሥራ ነው፡፡ የዓሣው ትውልድ በተቋረጠበት ዓመት የመረቡ ቁጥር ይጨምራል ማለት ነው፡፡ ጎተራ ነው ብለን ካመንን ይህ ትክክል ነው፤ ማሳ ከሆነ ግን ዘር እህል እንደ መብላት ነው፡፡

በእኛ አገር የዚህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፡፡ በጣና ሐይቅ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሱ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፡፡ ዋነኛው ምክንያት በመራቢያ ጊዜያቸው በወንዞቹ አፍ ላይ የሚጣለው መረብ ነበር፡፡ ጣና ሰፊ ነው፣ ውኃውም ብዙ አይዋዥቅም፡፡ ጣና ካልቻለው ተከዜ ይችለዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፡፡

ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

አንባቢ «የተራበን ሰው አታስግር ማለት ይቻላል ወይ?» ሊለኝ ይችላል፡፡ አይቻልም፡፡ መከልከል ብቻውን ፖሊሲ አይሆንም፤ ጥበቃውን ጉቦ ተቀባይ፣ አስጋሪውን ሌባ ከማድረግ የዘለለ ውጤትም አይኖረውም፡፡ ጥያቄው መሆን ያለበት አስጋሪው ለሁለትና ለሦስት ወር መረቡን ሲሰቅል ምን ይበላል የሚለው ነው፡፡ ወደዚህ እመለሳለሁ፡፡

ሌላው «ሁሉንም ነገር በኤልኒኖ ማሳበብ ነው» የሚል ነው፡፡ ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው፡፡ የ1977ቱን ረሃብ ያስከተለው የ1976 ክረምት መክዳት በኤልኒኖ ዓመት የመጣ አልነበረም፤ ረሃቡን ያባባሰውም ጦርነትና ፖለቲካ ነበር፡፡ በሌላ በኩል ኤልኒኖ ኖሮ ክረምቱ ያን ያህል ያልከፋባቸው ዓመታት አሉ፡፡ ኤልኒኖ የማስጠንቀቂያ ደወል እንጂ ፍርድ አይደለም፡፡ ነገር ግን ደወሉ ከወራት በፊት የሚሰማ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፡፡ የሚቲዎሮሎጂ ተቋማችን የክረምቱን ትንበያ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያወጣል፡፡ ትንበያውን ሰምቶ የሚዘራውን የሚለውጥ ገበሬ አለ፤ ሰምቶ የዓሣውን ወቅት የሚለውጥ አካል ግን መኖር አለበት፡፡

ስለ ጦርነትም ሳላነሳ ባልፍ ታማኝ አልሆንም፡፡ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት የዋግን ቆላ ክፉኛ ጎድቷል፤ ከአበርገሌና ከአካባቢው የተፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣ መጠለያዎች ረጅም ጊዜ አሳልፏል፡፡ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመም በኋላ ሐይቁ በሁለት ክልሎች መካከል የሚተኛ መሆኑ አልተለወጠም፡፡ ዓሣ ግን ክልል አያውቅም፡፡ አንዱ ወገን ወቅቱን ዘግቶ ሌላው ከከፈተ የሚዘጋው ወገን ሞኝ ይሆናል፡፡

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት አዲስ ሕግ አያስፈልግም፡፡ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፡፡ የጎደለው ሕጉን ከሐይቁና ከሰማዩ ጠባይ ጋር የሚያገናኝ አሠራር ነው፡፡

አንደኛ፣ የመራቢያ ወቅትና ቦታ ይከበር፡፡ ክረምቱ ሲገባ እንደ ጸላሪ ያሉ ገባር ወንዞች ወደ ሐይቁ የሚቀላቀሉባቸው አካባቢዎች ከመረብ ነፃ ይሁኑ፡፡ በዚያ ጊዜ መረቡን ለሚሰቅል አስጋሪ ደግሞ የሴፍቲኔት መርሐ ግብሩ ቦታ ይስጠው፡፡ እርከን ለሚሠራ ገበሬ የሚከፈል ከሆነ የዓሣን ዘር ለሚጠብቅ የማይከፈልበት ምክንያት አይታየኝም፡፡

ሁለተኛ፣ እንደ ፎክላንዶቹ ደንቡ ቀድሞ ይውጣ፡፡ የክረምቱ ትንበያ ደካማ ሲሆን ወይም ሐይቁ በመስከረም ሳይሞላ ሲቀር በቀጣዩ በጋ የሚጣለው መረብ በምን ያህል እንደሚቀንስ ማኅበራቱ በደህናው ዓመት ተስማምተው ይፈርሙ፡፡ በችግር መሐል የሚወጣ ደንብ ማንም አይቀበለውም፡፡

ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሐይቁን ከፍታ በየጊዜው ለወረዳዎቹ ያሳውቅ፡፡ ለዓሣ ሲባል ተርባይን ይቁም አልልም፤ አዲስ አበባ ተቀምጬ እንዲህ ብል ግብዝነት ይሆንብኛል፡፡ ነገር ግን ውኃው መቼና በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ማወቅ ለአስጋሪው መብቱ ነው፤ በመራቢያ ሳምንታት ፍጥነቱን ማለዘብ የሚቻልባቸው ዓመታትም ይኖራሉ፡፡

አራተኛ፣ ይቆጠር፡፡ በሰቆጣ የደረቅ አካባቢ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በተከዜ ዓሣ ላይም ሲሠራ ቆይቷል፡፡ በየማረፊያው የሚወጣው ዓሣ በዓይነቱ፣ በክብደቱና በርዝመቱ በየሳምንቱ እንዲመዘገብ በጀት ይሰጠው፡፡ የዓሣው አማካይ ርዝመት ከዓመት ዓመት ሲያጥር ማየት ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጣል፡፡

አምስተኛ፣ ገንዘቡን ከመረቡ ወደ ማቆያው እናዙር፡፡ በቆላው ሙቀት ያለ በረዶ የሚቆይ ዓሣ የለም፡፡ በአግባቡ የማድረቅ፣ የማቀዝቀዝና ቶሎ ገበያ የማድረስ ዘዴ ቢኖር አስጋሪው ከተመሳሳይ ዓሣ የተሻለ ገቢ ያገኛል፡፡ የሚበላሸውን መቀነስ ዓሣ ሳይነኩ ምርት መጨመር ነው፡፡

አበው «ዓሣን መብላት በብልሃት» ያሉት ስለ እሾሁ ነበር፡፡ ለዋግ ግን ብልሃቱ ከገበታው በፊት ይጀምራል፡፡ ያ አገር በአንድ ዝናብ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ጊዜ ወድቋል፡፡ ሁለተኛ መደገፊያ አገኘ ብለን ስንደሰት መደገፊያውም የተተከለው በዚያው ዝናብ ላይ መሆኑን ካልተናገርን ለሕዝቡ አላሰብንለትም፡፡ ቀጣዩ ደካማ ክረምት የማይቀር ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ብቻ ነው የማናውቀው፡፡ ያን ጊዜ ወደ ተከዜ የሚወርደው የዋግ ወጣት በሐይቁ ውስጥ የሚያገኘው በደህናዎቹ ዓመታት የተውንለትን ያህል ነው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡